በግራም የማይሸጥ ብር

ረቡዕ ኅዳር 10

በግራም! ሰውየው ከተቀመጠ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ትንሽ ሚዛን ከቦርሳው አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። የእህቴን የምኒልክ ብር ከነካርቶን ክፈፉ ጣለበት። ስልኩን ነካካ። "የዛሬው ዋጋ በግራም ይሄ ነው፣ ጋሽ ገብሬ" አለኝ። ተነስቼ በሩን ከፈትኩለት።

ሳምሶን ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ የድሮ ገንዘብ ገዢ ነው። ከሺሺንዳ እስከ ደካ ዞሮ የሰዉን ጠገራ ብር እንደ ቆርቆሮ እየመዘነ ሰብስቧል አሉ። ቦንጋ የሚቆየው እስከ ቅዳሜ ነው።

እህቴ አስቴር ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተሸፍነዋል፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ሰኞ ጅማ ቀኝ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና የምታደርግበት ቀጠሮ አላት። የዘንድሮ ቡናዋን ገና ሳይደርቅ ሸጣለች። እኔም ከጡረታዬ ጨምሬያለሁ። የጎደለውን ይህ ብር እንዲሞላው ነው ሐሳባችን።

"ጋሼ፣ ምን አደረግህ?" አለች የበሩን ድምፅ ስትሰማ።

"ገዢ አባረርኩ።"

ስትናደድ አማርኛዋን ትተዋለች። የቀረውን በካፊኖኖ ሰደበችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ግን አልተሳሳትኩም። ቀይ ቀዩ ከዛፉ የተለቀመ ቡናና ከመሬት የተጠረገ ቡና እኩል ይመዝናሉ፤ እኩል የሚከፍል ነጋዴ ግን የለም።

ሐሙስ ኅዳር 11

ጠዋት ሳምሶን ያረፈበት ሆቴል ሄድኩ። ማጉያ መነጽሬን፣ ብሩንና ካታሎጌን ይዤ። ካታሎጉ ድሮ አንድ የውጭ አገር መምህር ሲሄድ ጥሎት የሄደው ነው። ከመዝገበ ቃላት ጋር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንግሊዝኛ የተማርኩት በእሱ ነው፤ ስለ ገንዘብ ካልሆነ በስተቀር ዛሬም በእንግሊዝኛ ምንም ማለት አልችልም።

ቁርሱን እየበላ ነበር። ይብላ ብዬ ጀመርኩ።

አንደኛ፣ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ማርትሬዛ ብር ላይ 1780 ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ሲመታ ኖሯል። ብዙ ስለሆነ ርካሽ ነው። ሁለተኛ፣ ስንት ተመታ ብቻ ሳይሆን ስንት ተረፈ? አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና አምባር ያደረገውን አስብ። ሦስተኛ መልኩ። በመነጽር እይ አልኩት፣ የዘውዱ ጌጥ አልተበላም፣ የአንበሳው ጎፈር ጠጉር በጠጉር ይለያል። አራተኛ፣ አልታጠበም፤ ይህ ጥቁረት የዘመኑ ነው፣ አሸዋና ሎሚ አልነካውም።

ሹካውን አስቀመጠ። "አባባ፣ እኔም ይሄን አላጣሁትም። በግራም ስጠራ እምቢ ያለኝ ሰው ስላላየሁ ነው" አለ ሳያፍር። ፎቶ አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ሰብሳቢ ላከ። ተመልሶ የጠራው ዋጋ የትናንቱ አራት እጥፍ ነው። ነገ ከሰዓት ቤቴ መጥቶ ሊረከብ ተስማማን።

አስቴር ስትሰማ አጨበጨበች። "ይኸው አፍህ አንድ ቀን እንኳ ጠቀመ!"

አምስተኛውን ግን አልተናገርኩም። አምስተኛው ጠርዙ ነው።

በእኛ ቤት ልማድ አባት ልጁን ሲድር ብር ላይ ቀለበት አስበይዶ አንገቷ ላይ ያስርላታል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ቀለበቱ ይነሳና ብሩ ወደ ሳጥን ይገባል። የአስቴርን ቀለበት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ብየዳው እንዳይታይ ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ ሞረድኩት፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ካርቶን ክፈፉንም የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ጠርዙን ይሸፍነዋል። ሰውየው አላየም። ነገም ላያይ ይችላል።

ዓርብ ኅዳር 12

ነገርኩት።

ገንዘቡን ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር። ክፈፉን በምላጭ ቀደድኩና "እዚህ ጋ እይ፣ ቀለበት ነበረበት፤ የሞረድኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ከዚያ ከገንዘቡ አብዛኛውን መልሶ ወደ ኪሱ ከተተ። የተበየደና የተሞረደ ብር ሰብሳቢ አይነካውም፤ ከግራሙ ትንሽ ከፍ አድርጌ ልውሰደው አለ። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ከዚያ በላይ አልሰጥም። አልሸጥም አልኩት።

እሱ ወጣ። አስቴር ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፦

"ያኔ ብሬን በሞረድህ፣ ዛሬ ዓይኔን በአፍህ!"

"ውሸት ልሽጥለት?"

"ማን ዋሽ አለህ? ዝም ብትል በቃ ነበር። ዝም ማለት ዱሮም አታውቅበትም፣ ጋሼ።"

ብሩን ከእጄ ቀምታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እራት አልበላችም። እኔ ግን በላሁ፤ ትክክል የሠራ ሰው ለምን ይራባል? ሆኖም እህሉ አልጣመኝም።

ቅዳሜ ኅዳር 13

ሰውየው በሰባት ሰዓት መኪና ሊሄድ ነው። በአራት ሰዓት የራሴን አላድ ይዤ በባጃጅ ሄድኩ።

አላድ የምኒልክ ግማሽ ብር ነው። ከሙሉው ብር ይልቅ ጥቂት ነው የተረፈው፤ በዚህ ላይ የእኔው በገበያ ብዙም አልዞረም። እንደ ከሰል ጠቁሯል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሦስት ጊዜ ልታጥበው ተነስታ ሦስት ጊዜ ተጣልተናል። ለማንም እሸጠዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሳምሶን ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ። አገላበጠው። ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄኛውስ ምን አለበት፣ ጋሽ ገብሬ?"

"ምንም።"

ማጉያውን መልሶ ኪሱ ከተተው። የጠራው ዋጋ እኔ በልቤ ከያዝኩት ይበልጣል። አልተከራከርኩም፤ በዕድሜዬ ሳልከራከር የሸጥኩት ይህ ብቻ ነው። የጎደለው ሞላ፣ ለመኪናና ለአልጋም ተረፈ።

ለአስቴር "ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን" አልኳት። ከየት አላለችኝም። ብሯን አሁንም እንደቋጠረችው ነው። ይቆይላት። በግራም አልሸጥም ብያለሁ፣ አልሸጥኩም።

ሰኞ ኅዳር 15፣ ጅማ

በሦስት ሰዓት አስገቧት፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣች። ዓይኗ ታሽጓል። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ የልጅ ልጄ ቢሆን አይደንቀኝም። "ደህና ሄዷል አባባ፣ ነገ ሲፈታ እናያለን" አለኝ። ነገ እናያለን የሚለውን ቃል አልወደድኩትም። ደህና ከሄደ ምኑን ነው የምናየው?

አስቴር እጄን ይዛ ወደ አልጋ ቤታችን ተመለስን። መንገድ ላይ "አላዱን ነው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኩ። "ያን ከሰል!" አለች። እጄን ግን አጥብቃ ያዘችው።

ማክሰኞ ኅዳር 16

ፋሻውን ሲፈቱት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንዴ ከፈተች፣ ጨፈነች። ሐኪሙ ጣቱን አሳያት፤ ሁለት አለች። ልክ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ድረስ ቀስ ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ተመስገን ትላለች፣ ታለቅሳለች ብዬ።

"ጋሼ፣ የኮትህ ሁለተኛው ቁልፍ የለም" አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሌለ እግዚአብሔር ይወቀው። ሆቴል ሄጄ ሰው ሳስተምር፣ ስለ መልክና ስለ ጥቁረት ስናገር፣ ቁርሱን የሚበላው ሰውዬ ፊት እንዲሁ ቆሜ ነበር ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም።

ነርሷ ሳቀች። አስቴርም ሳቀች፤ ዓይንሽን እንዳትጎጂ ብዬ ተቆጣኋት።

የግራ ዓይኗ ይቀራል። ለእሱ የሚሸጥ ምን እንዳለኝ ገና አላውቅም። ነገ ጠዋት ወደ ቦንጋ እንመለሳለን፤ እሷ በመስኮቱ በኩል ልትቀመጥ ነው፣ ከአሁኑ ይዛዋለች።