የእህቴን ድምፅ ላሳመሩልን አቀናባሪ

ለተከበሩት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለሚሠሩት ታላቅ የሙዚቃ አቀናባሪ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጆሮዎስ? ይህን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል፤ ለሌላው አካልዎ እንኳ እምብዛም አልሰጋም።

እኔ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት አራት ቀን ሲቀራት እርስዎ ዘንድ የመጣችው ሴት ታናሽ ወንድም ነኝ። ሐኪሞቹ ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይኖራት ቁርጡን ስለነገሯት፣ የሰባት ወር ልጇ ስታድግ የእናቷን ድምፅ እንድትሰማ ብላ እናታችን እኛን ታስተኛበት የነበረውን እሹሩሩ ቀረጸች። አደራውን የተቀበሉት እርስዎ ነዎት። ይህን በአደባባይ መጻፌም ውለታዎ በጓዳ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩. ትንፋሿን ስላስወገዱልን እናመሰግናለን። እህቴ እንደማንኛውም ፍጡር በስንኝ መካከል አየር ትስብ ነበር፤ እርስዎ ግን ነውር መስሎዎት አንድ በአንድ ለቅመው ቆረጡት። ዕድሜ ለእርስዎ፣ ሦስት ደቂቃ ከሩብ ሳትተነፍስ የምትዘፍን እህት አለችኝ።

፪. ቃና የሚያስተካክለውን፣ ፕለጊን የሚሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም እስከ ጥጉ ስለከፈቱት እናመሰግናለን። የስንኙን መጨረሻ ዝቅ አድርጋ ጀምራ ቀስ ብላ ማንሳት ከእናታችን የወረሰችው አመል ነበር። በእህቴ ቦታ ባንክ ስንደውል ወረፋ እንድንጠብቅ የምትነግረንን ዓይነት ሴት አስገቡልን። እናታችን ሰምታ ስታበቃ ዘፋኟ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ።

፫. የጠየቅንዎ ድምፅ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ቸር ነዎትና ከሲንተሳይዘር ፕለጊንዎ አርባ ቫዮሊንና ግድግዳ የሚያፈርስ ከበሮ ጨመሩበት፤ በላዩም ሪቨርብ የሚሉትን ዋሻ የሚያህል ማስተጋቢያ ደፉበት። ሕፃን በከበሮ ለማስተኛት ከእርስዎ ወዲያ ላሳር። ለልጅቱ ከፈትንላት፤ አለቀሰች።

፬. ይህን ሁሉ ችለን ጥሬውን ቅጂ ብቻ እንዲሰጡን ስንለምንዎ፣ ኢፌክቶቹን፣ ማለትም ቃና ማስተካከያውንና ማስተጋቢያውን፣ ገና ስትዘፍን ከፍተው አብረው እንደቀረጹባት፣ ትንፋሿንም እዚያው ዋናው ቅጂ ላይ እንደቆረጡት፣ ስለዚህም ጥሬ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ይህም ሥራ እንደሚያቀልልዎ ኮራ ብለው አስረዱኝ። ሙያውን ትናንት የጀመረ እንኳ መጀመሪያ ንጹሑን ይቀርጻል፣ ከዚያ ያሳምራል። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ዘፈኑ ሳይጀመር፣ ኢፌክቶቹም ሳይከፈቱ፣ እህቴ ማይክሮፎኑን ለመሞከር ከአንድ እስከ አሥር ቆጥራ ነበር፤ ስድስት ላይ እኔ አጠገቧ ያቀፍኳት ልጇ ስላስነጠሰች ሳቀች። መሣሪያዎ እየቀረጸ እንደነበር ቀይ መብራቱን አይቻለሁ። ያንን ከኮምፒውተርዎ ውስጥ ይፈልጉልን ብዬ ካመለከትኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ጊዜ ሲያገኙ እንደሚያዩት ነግረውኛል። ጊዜዎን በምን እንደሚያጠፉት ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ያውቃል።

በአድናቆት ብዛት ምላሴ የተሳሰረብኝ፣ ዝናዎን ለማያውቅ ሁሉ ሳልታክት የማስረዳ፣
የዘፋኟ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ እህቴ አሁን የምትናገረው በወረቀት ነው። ይህን ደብዳቤ አንብባ፣ ስድቡን ትቼ እንድለምንዎ ከሥሩ ጻፈችልኝ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ስድቡን ግን አልሰረዝኩም።