ጣቴን የካሱኝ ሦስት ጊታሮች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠሩኝ! የሴቶቹ ባንድ ጠራኝ! ጊታር ተጫዋቻቸው ሥራ ቀይራ ሄዳለች። ዘፋኟ፣ ያቺ ፀጉር ሠሪ፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ መጥታ «ቅዳሜ ነይና እንስማሽ፣ እታለም» አለችኝ። ከደስታ ብዛት የደንበኛዬን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ነገ መተርተር አለብኝ...

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ደስታዬ ውሃ ተቸለሰበት። ይቺ የቀለበት ጣቴ! የስፌት መኪናው መርፌ ከወጋት ወዲህ የጊታሩን ክር አጥብቃ አትጫንም። ወንድሜ በሰጠኝ ጊታር አሥራ አምስት ዓመት ታገልኩ፣ ድምፁ እንደታፈነ ነው። ባሌ «በዘጠኙ ጣትሽ ተጫወቺ» ይላል። ቀልደኛ! ቅዳሜ ብዋረድስ?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ምን ጉድ ነው ዛሬ ያየሁት!

ጊታሬን ይዤ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ሽማግሌ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጣቴ እንቢ አለችኝ፤ ጊታሩ ላይ መላ ካለ ይዩልኝ።» አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

«ጣትሽ ምን አደረገች? ክሩ የአጥር ሽቦ ያህላል፣ ከአንገቱም ይሄን ያህል ርቋል! ማነው የሰጠሽ፣ ጠላትሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ያው ነው።»

ከግድግዳው ሦስት ጊታር አወረዱ። አንዱ ከባድ፣ ትከሻ የሚጎትት። ድምፁ ግን... እጄን አንስቼ እንኳ አላቆመም፤ እንደ ካፖርት ወፍራም፣ ሙቅ። ሁለተኛው ሆዱ ባዶ ነው። ጆሮ ሥር ቀስ ብሎ እንደሚያወራ ሰው! ልቤ እዚያው ቀረ። «እሱ ከከበሮ አጠገብ ድምፅ ሲበዛ ያፏጭብሻል» አሉ። ሦስተኛው ቀላል፣ አንገቱ ቀጭን፣ ክሩም ስስ። ድምፁ ጥርት፣ ቁርጥ ያለ፣ እንደ አዲስ መቀስ።

ያው አንድ ዜማ፣ ያው የእኔ እጅ... ሦስት ሴቶች የተጫወቱት ይመስላል። እንዴት ይሆናል?

ቀላሉ ላይ ጣቴን ጫንኩ። ጠራ! ደገምኩት። ጠራ! እዚያው አለቀስኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ምስኪኗን ጣት ስረግም...

«ቅዳሜን ተጫወቺበት፣ ያንቺን እኔ አስተካክለዋለሁ» አሉኝ። ዕድሜ ይስጣቸው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሦስት ዘፈን ተጫወትኩ። ሁለተኛው ላይ ሳትኩ። ከበሮ መቺዋ፣ ያቺ አስተማሪ፣ ዱላዋን አስቀመጠች። አለቀልኝ አልኩ።

«የት ተደብቀሽ ነው እስከዛሬ?»

«ስፌት ላይ» አልኳት። ባንዱ ሁሉ በሳቅ!

እሑድ፣ የካቲት 9

ዛሬ የዝግጅታችን ማስታወቂያ ላይ ስሜን ከእነሱ ስም ጋር ጻፉት፤ ጊታር፦ እኔ! ሁለቴ አነበብኩት። ለባሌ፣ ለእህቶቼ፣ ለደንበኞቼ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ቀሚስ አላለቀም፣ ራሴን አመመኝ ብሎ ነገር የለም። ዝግጅቱ ቅዳሜ፣ የካቲት 22፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከገበያው ጀርባ ያለው አዳራሽ። የሚቀር ሰው እንዳላይ!