የኤርካሎ መኪና ለምን ይቆራርጣል

መስከረም 20 ቀን 1958
ዝናብ። ጠዋት የጭነት መኪና ጎማ ለጠፍኩ፣ ፍሬን አስተካከልኩ። ከዚያ አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና እየተንተፋተፈች ግቢዬ ገባች። የአቶ ኤርካሎ! የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ።
«ሻንቆ፣ ጠዋት ጠዋት ይቆራርጣል፣ ረፋዱ ላይ ይተወዋል። አዲስ አበባ ሁለት ሜካኒክ አይተውት ምንም የለውም አሉ» አለኝ።
«ይተዉልኝ ጋሼ፣ አየዋለሁ» አልኩ። በሆዴ ግን ሳቅኩ። እግዜር ጠላቴን በገዛ እግሩ አመጣልኝ።

መስከረም 21
ልጻፈው፣ ማን ያየዋል? ሐምሌ ላይ ጸሎት ቤቱ ሲመረቅ ግብዣውን ያዘዘው እሱ ነው። ለሁሉም ሳህን። ለእናቴ የእንሰት ቅጠል፣ ያውም በር ጋ። ለምን? አባቴ ቀጥቃጭ ነበራ! ቀጥቃጭ የበላበት ሳህን ይረክሳል፣ ቅጠል ግን ይጣላል። በልታ ስትጨርስ አጥር ማዶ ጣሉት። የዕለቱ ስብከት «ሁላችን አንድ ነን» ነበር። ማረሻውን ከአባቴ እጅ ሲቀበሉ ግን አይረክሱም ነበር... ያን ቀን ልበቀለው ምያለሁ።

መስከረም 22
ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ሳይነሳ ሞተሩን አስነሳሁ። እየቆራረጠ ይስታል። የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ነቀልኩ። አንደኛውን ስነቅል ሞተሩ ደከመ። ሁለተኛውንም፣ አራተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስነቅል... ምንም። የማይሠራው እሱ ነው። ካንዴላውን ከአንደኛው ጋር አቀያየርኩ። አሁንም ሦስተኛው። ገመዱን ለወጥኩ። አሁንም። ለአራቱም እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢተር አየሁ። ክዳኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ! የሌሊት እርጥበት ይገባባታል፣ እሳቱ በዚያ ይሾልካል። ሞተሩ ሲሞቅ ትደርቃለች፣ ብልሽቱም ይጠፋል። አዲስ አበባዎቹ ከሰዓት ካዩት ምን ያግኙ?
ልኩ የሆነ ክዳን መደርደሪያዬ ላይ አለ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አልነካውም።

መስከረም 26
«ብልሽቱ አልተገኘም» አልኩት፣ ለአራተኛ ጊዜ። በእግሩ ሄደ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መስከረም 28
ለመነኝ። ጥቅምት 6 ሴት ልጁን ለገሱባ ሰው ይድራል። ሙሽራዋ በምን ትሂድ?
«ብልሽቱ የሚታየው ማለዳ ነው ጋሼ። ነገ ማልደው ቤት ይምጡ። ቁርስ ከእኛ ጋር ይበላሉ፣ ከዚያ አብረን እናየዋለን።»
መሬት መሬት አየ። ገብቶታል።
«እሺ» አለ።

መስከረም 29
መጣ! በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ አስቀመጥኩት፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲያየው። እናቴ የተቀቀለ ቦይና፣ የጎደሬ ሥር፣ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበች፣ በራሷ ሳህን። ጎረሰ... ደገመ። ከዚያ «የሻንቆ እናት፣ ዳጣ ጨምሪልኝ» ብሎ አረፈው! እሷም ጨመረችለት፣ መረቀችው። እኔ ጉሮሮው ላይ እንዲቆምበት ስጠብቅ... ይሄ በቀል ነው? ለምን አልበረደልኝም?

ጥቅምት 1
ክዳኑን ቀየርኩ። ልፈትነው ብዬ ማለዳ በጉም ወጣሁ፣ እናቴን ከፊት አስቀምጬ። ሆን ብዬ በኤርካሎ ደጅ አለፍኩ፣ ጥሩምባ እየነፋሁ።
«በቃ አዋረድኩልሽ» አልኳት።
«ማንን?»
«ኤርካሎን ነዋ! ቅጠል ያቀረበልሽን!»
ቁልቁለቱን ጨረስን።
«ከኤርካሎ ምን እጠብቃለሁ? ባዳ ነው» አለች። «አንተን ግን በምረቃው ቀን ሜካኒክ ነው ብለው ከእነሱ ጋር አስቀመጡህ። በሳህን በላህ። አንዴ እንኳ ወደ በሩ አላየህም።»
እውነቷን ነው። እዚህ እንኳ አልጻፍኩትም። የምደብቀው ከማን ነው? ከራሴ?
ሞተሩ አንዴም አልሳተም። ቢስት ወርጄ ኮፈኑን እከፍት ነበር፣ ፊቷን ከማየት።

ጥቅምት 3
ኤርካሎ መኪናውን ወሰደ። ብልሽቱን በመስከረም 22 እንዳገኘሁት፣ ለምን እንደደበቅኩትም ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ቀጥቃጭ ምንጊዜም ቀጥቃጭ ነው!» ብሎ በሩን ጠርቅሞ ሄደ። ይሂድ። አዎ ነኝ። እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ ብዬው አላውቅም ነበር።
ለምሳ ቤት ገባሁ። እናቴ በሳህን አቀረበችልኝና የራሷን ይዛ ጓዳ ገባች። እንዲህ ስታደርግ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ሳህኔን አንስቼ ተከተልኳት። መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።
«እዚህ ይጠባል» አለች።
አልተነሳሁም። ቀና ብላ አላየችኝም። ግን የጎመኑን ድስት ወደ መሀላችን ገፋ አደረገችው።