አስታማሚ የሌላት

ማክሰኞ
ተዘግቷል። ሰንሰለት፣ ቁልፍ፣ በሩ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት። በሰፈራችን ሆስፒታል ስድስት ወር የጠበቅኩት የእንቅርት ቀዶ ጥገና ቀጠሮዬ ዛሬ ነበር። ዘበኛውን መቼ ይከፈታል ብዬ ጠየቅኩት። «እኔም እንደርስዎ ወረቀቱን ነው ያነበብሁት» አለኝ። የደላቸው ወደ ግል ሐኪም ቤት ሄደዋል። እኛ ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ሂዱ ተባልን። እንቅርቱ አድጎ ጉሮሮዬን ይዞታል፤ በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ
ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ የደረሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ አንገቴን ዳስሶ «ይሄ አይቆይም» አለ። ለዓርብ አልጋ ተገኘ። ደስ አለኝ። ከዚያ ነርሷ፦ «ማዘር፣ አስታማሚዎ ማነው?»

መድኃኒት ከውጭ ሮጦ የሚገዛ፣ ምግብ የሚያቀብል፣ አብሮ የሚያድር፣ የሚፈርም ሰው ከሌለ አልጋ የለም።

ማን አለኝ? ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው፣ እሱም ታሟል። ጎረቤቴ ፈረቃ አለባት። የፋብሪካ ጓደኞቼ ጡረታ ከወጣን ወዲህ ተበታትነዋል። ሠላሳ ዓመት ባሕር ዳር ኖሬ፣ የአንድ እጄን ጣቶች ቆጥሬ ሳልጨርስ ሰው አለቀብኝ። ቅጹ ላይ የንስሐ አባቴን ስም ጻፍኩ። ሳላስፈቅድ።

ሐሙስ
ጠዋት ጣና ዳር ወረድኩ። አባ የሚያገለግሉት ደሴት ላይ ነው፣ ስልክ አይዙም። ለጀልባ ነጂው «ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይድረሱልኝ ብላለች ልጅዎ በልልኝ» አልኩት።
«የትኛዋ ልጃቸው ልበል? ብዙ ናችሁኮ።»
«እንቅርት ያላት በላቸው» አልኩት።
ከሰዓት ዕቃ ሰበሰብኩ፦ ነጠላ፣ ሳሙና፣ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። ማንኪያዋን ብቻዋን ሳያት ሌላ ጨመርኩባት።

ዓርብ
አባ መጡ። በመጀመሪያዋ ጀልባ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። ሳያቸው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መስቀል ተሳልሜ ቀና ሳልል ነርሷም ተሳለመችና «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሴቶች ክፍል ነው። ወንድ አያድርበትም» አለች።

ወንድ! መነኩሴ ሰው፣ ያን ሁሉ ሴት በተኛበት ክፍል እንዲያድሩ መጥራቴ ያኔ ገባኝ። ለእኔ አባ አባ ናቸው፤ ወንድ መሆናቸው ትዝ ብሎኝም አያውቅ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ «ይህንስ እኔም አላሰብሁትም ልጄ» አሉ። የምገባበት ጠፋኝ።

ነርሷ ስሜን ልትሰርዝ እስክሪብቶ አነሳች። አልጋውን የሚጠብቀው ብዙ ነው፣ አልፈረድኩባትም።

አባ ከደጃፉ ሳያልፉ ወደ ውስጥ «ለዚህች ልጄ የምትፈርምላት ትኖር ይሆን?» አሉ። ሁሉም የየራሱን በሽተኛ ይዟል። በመጨረሻ እህቷን የምታስታምም አንዲት ከቁንዝላ የመጣች ሴት ከወለሉ ተነሣች።

«ለአንዷ መሮጤ አልቀረ፤ ለሁለት እሮጣለሁ» አለች። መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ፈረመች።

አባ ጀልባው ሳያመልጣቸው ባርከውን ሄዱ። ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። ፍርሃቱ እንዳለ አለ። ሴትዮዋ የጣቷን ቀለም በቀሚሷ ጠራርጋ አልጋዬ ጫፍ ቁጭ አለች።

«ለመሆኑ ስምሽ ማነው?» አለችኝ።