የየት አገር ውሃ ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1959

ዛሬም ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። ስድስተኛ ክፍል በር አጠገብ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ አስቀምጬ «ያልገባችሁን ጽፋችሁ ክተቱበት» ካልኩ ሦስት ሳምንቴ። እስካሁን የተገኘበት የማስቲካ ወረቀት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ሰባት ጥያቄ! አምስቱ ስለ ሰይጣን። አንዱ፣ ለምን እንዳላገባሁ። (የእጅ ጽሑፉን አውቄዋለሁ፤ ቆይ ብቻ።) ሰባተኛው የአብረኸት ነው፤ ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። «አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሽምብራ ምጽዋ ቶሎ ይበስላል፣ አስመራ ይዘገያል ይላል። ውሃ የትም በመቶ ዲግሪ ከፈላ፣ ለምን?»

አላውቅም። አሥር ዓመት «መቶ» እያልኩ ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ ለክቼ አላውቅም። አፈርኩ።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን ጣሊያኑ ኬክ ጋጋሪ የስኳር ማቅለጫውን ተርሞሜትር አዋሰኝ። እንድመልስለት በእናቱ አስምሎኝ ነው። ክፍል ውስጥ ፎርኔሎ፣ ያችን የጋዝ ምድጃ፣ ለኮስን። ውሃው ተንተከተከ፤ ዘጠና ሁለት። እሳት ጨመርን፤ ዘጠና ሁለት። ልጆቹ መጀመሪያ ፎርኔሎውን ወነጀሉ፣ ቀጥሎ ተርሞሜትሩን፣ በመጨረሻም ውሃችን የሚመጣበትን የማይ ጭሆትን ቧንቧ። አብረኸት ግን «ከተማችን አስመራ ከፍ ያለች ስለሆነች ይሆን?» አለችኝ በሹክሹክታ። ማታ በአሮጌ መጽሐፍ ፈለግኩት። እውነቷን ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን አይጫነውም፣ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ሽምብራውም የሚዘገየው ለዚህ ነው። ከደስታዬ ብዛት እራቴን ረሳሁ።

ረቡዕ

ዲሬክተራችን አቶ ወልዱ አስጠሩኝ። ዓርብ ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል።

«ልጄ፣ መጽሐፉ የመጣው ከሚኒስቴር ነው፤ ውሃው የመጣው ከቧንቧ። ማንን እንመን? አንድ ልጅ ዘጠና ሁለት ቢል ምድብሽ ተሰነይ ነው።»

ተሰነይ! ያ ሁሉ ሙቀት! እናቴንስ እዚህ ሰፈራችን ዓኽርያ ለማን ጥዬ?

ሐሙስ

ስናጠና ዋልን። «ውሃ በስንት ይፈላል?» «መቶ!» ጣሪያው ተነቃነቀ። አብረኸት ብቻ ዝም።

«መምህር፣ አይተነው የለም እንዴ?» አለችኝ በኋላ።

ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት። ራሴን ጠላሁት። ለእናቴ ስነግራት «ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ! በውሃ ምክንያት ነው የሚያባርሩሽ?» ብላ ሳቀች።

ዓርብ

ኢንስፔክተሩ ወፍራም፣ ባለ ክራባት። አቶ ወልዱ ከኋላው ቆመው አሥር ጣታቸውን ለልጆቹ ይዘረጋሉ።

«ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»

«መቶ!»

አቶ ወልዱ ተነፈሱ። ያኔ የአብረኸት እጅ ወጣ።

«የየት አገር ውሃ ነው፣ ጌታዬ?»

«ተቀመጪ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ተሰነይ ፊቴ ድቅን አለች። ግን ልጅቷ ከመስከረም ጀምሮ ጮክ ብላ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ቀጥዪ» አልኩ።

«አስመራ ዘጠና ሁለት ነው፣ ለክተናል። ምጽዋ መቶ ይመስለናል፣ አልለካንም።»

አቶ ወልዱ ጣታቸውን ማጠፍ ረስተዋል።

«አሳዩኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ፎርኔሎ ተለኮሰ። ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ፤ መነጽሩ በእንፋሎት ታወረ። ጠርጎ አየ፣ ደግሞ ጠርጎ አየ። «ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ እኮ!» አለ ለራሱ። ቀጥሎ «ነገ ምጽዋ እወርዳለሁ» ብሎ ተርሞሜትሩን ኪሱ ከተተና ሄደ። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ለጣሊያኑ ምን ልበለው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር፤ ትምህርት የለም። ተሳልኩ፤ ግማሹ ስለ ምድቤ፣ ግማሹ ስለ ተርሞሜትሩ።

ዛሬ ለስድስተኛ ክፍል ተብሎ ከምጽዋ ቴሌግራም መጣ። «መቶ። ሁለት ጊዜ ለካሁ።» ልጆቹ አብረኸትን ተሸክመው ግቢውን ዞሩ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። የዝውውር ደብዳቤ እስካሁን የለም። ይመጣ እንደሆነም አላውቅም።

ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለስኩት። ከሰዓት ሳየው አንድ ወረቀት ገብቶበታል፤ በታይፕ የተጻፈ። በትምህርት ቤታችን ታይፕ ያለው አቶ ወልዱ ቢሮ ብቻ ነው።

«ወተትስ?» ይላል።

ነገ ሌላ ተርሞሜትር ተውሼ፣ ወተት ይዤ መሄድ አለብኝ።