ቪዲዮው ያላሳየህ ቅዳሜ

ይድረስ ሪያድ ላለው ታላቅ ወንድሜ ለጣሪቅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ሰነበትክ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከሚስትህ ከነጅላ ተደብቀህ ክኒን እየዋጥክ ነው ሥራ የምትገባው? ነጅላስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ሳቢሪን የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ አዲሱ ብቅ አለላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማ ደም ግፊት ወርዷል፤ ጉልበቷ ብቻ ስትነሳና ስትቀመጥ ያስቸግራታል። ሸቤ ያለችው አክስታችን ከድጃ ቡናዋን ለቅማ ጨርሳ አስጥታለች፤ ዘንድሮ ፍሬው ደግ ነው ብላለች። ረመዳን ደጃችን ላይ ነው፤ አላህ ሁላችንንም በሰላም ያድርሰን።

በደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልክ ላይ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ ትዘጋዋለህ። ወረቀቱ ላይ ብትቆጣም ልታቋርጠኝ አትችልም። ጎረቤታችን ሸኩር ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ሪያድ ስለሚመለስ በእጁ ያደርስልሃል። ሳትጨርሰው እንዳትቀደው እንዲነግርህ አደራ ብዬዋለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ጥር ሃያ ቀን ከደወልክልኝ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ ነቅዣለሁ። ያልከኝን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ጓደኞችህ ቪዲዮ አሳዩህ። ጀልባ ላይ ከሰው ባል ጋር ተያይዤ ስወድቅና ሰው ሲስቅ አየህ። የሠፈር ልጆች መሳለቂያ ሆንኩ አልክ። ከእንግዲህ የግድቡ ሐይቅ ላይ ድርሽ እንዳትዪ አልከኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የአባታችንን ስም አዋረድሽ አልከኝ። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፤ ይቺን ግን አልቻልኳትም።

ቁጣህ በስልክ ብቻ ሳይቀር በማግሥቱ አጎታችን አባቦራ ከጊንጆ ጉዱሩ በባጃጅ መጡ። በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ እንጂ አይገቡም። ልጄ፣ የጀልባሽን ሞተር የገዛው ጣሪቅ ነው፣ ተቀበልልኝ ብሎኛል፣ እኔ ምን ላድርግ አሉኝ። ምንም እንዲያደርጉ አልፈለግኩም። የጀልባውን ሞተር ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ራሴ ተሸክሜ ባጃጁ ላይ ጫንኩላቸው። የቤንዚኑን ጎማ ሊረሱት ነበር፤ ሮጬ ደረስኩባቸውና እሱንም ሰጠኋቸው። ጀልባዋ ግን የእኔ ናት፤ እንጨቷን መርጬ፣ አናጺው ሲሠራት ቆሜ ያሠራኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሞተርህን መልሼልሃለሁ፤ ሥራዬን አልመልስም።

አሁን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ። አንተ ያየኸው አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። ቀኑ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

እማ ያንን ውሃ ሃያ ዓመት ዞራ አይታው እንደማታውቅ ታውቃለህ። በአሰንዳቦ በኩል በሚኒባስ ስናልፍ እንኳ ሻርፗን ፊቷ ላይ አውርዳ ትቀመጥ ነበር። ግድቡ ሞልቶ መንደራችንን ሲሸፍነው አንተ አሥራ አራት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አምስት። አንተ ታስታውሰዋለህ፤ እኔ የማስታውሰው አንድ የሚንጫጫ የጭነት መኪናና እቅፌ ውስጥ የነበረች ዶሮ ብቻ ነው። ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት የኮሌጅ ሰዎችን እየያዝኩ ዓሣ ማስጠመድ ጀመርኩ። ሁለት ቅዳሜ ባዶ እጄን ስመለስ እማ ሰፌድ አምጪ አለችኝ። በበቆሎ ፍሬ መንደሩን ሠራችልኝ። ይሄ የጎረቤታችን የኢሕሳን ቤት፣ ይሄ ከብቶች የሚጠጡበት ጅረት፣ ይሄ የሸክላ አፈር የወጣበት ጉድጓድ። ኮረብታዎቹ ከውሃው በላይ ስለቀሩ በእነሱ እያመሳከርኩ ቦታውን አገኘሁት። አምባዛ ጭቃና ጎድጓዳ ቦታ ይወዳል፤ የድሮው ጅረት ሆድ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ውሃውን ያያሉ፤ እኔ ከሥሩ ያለውን መንደር በቃሌ እወጣዋለሁ። እንግዶቼ ባዷቸውን የማይመለሱት ለዚህ ነው። እማ ለማንም እንዳትናገሪ ስላለችኝ ላንተም ደብቄህ ኖሬያለሁ። አሁን ፈቅዳልኛለች።

ጥር አሥራ ስድስት ቅዳሜ የያዝኳቸው እንግዶች ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ከፈለ ይባላል፤ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ነው። ሚስቱ ብርሃንነሽ ናት። ከፈለ ስልኩ ላይ የፈረንጅ ዓሣ አጥማጆችን ሲያይ ነው የሚያድረው መሰለኝ፣ ሳጥን ሙሉ የላስቲክ ዓሣና የላስቲክ ትል ይዞ መጣ። ባስ የሚባለውን ዓሣ የት ነው የምናገኘው ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ፈረንጅ አገር ነው፣ እኛ ጋ ያለው አምባዛና ቆሮሶ ነው፣ እነሱ ደግሞ ላስቲክ አይበሉም፣ የዶሮ ጉበት ይዣለሁ አልኩት። ቅር አለው። እንዲያውም አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው እኛ አንበላውም፣ መያዙን ብቻ ነው የምፈልገው አለኝ። ታዲያ ምን ቸገረህ፣ አንተ ያዘው እኛ እንበላዋለን አልኩት። ብርሃንነሽ ያን ጊዜ መሳቅ እንደጀመረች እስክንመለስ አላቆመችም። ቪዲዮው ላይ የሰማኸው የሴት ሳቅ የእሷ ነው።

አራተኛዋ ተሳፋሪ እማ ነበረች። አዎ፣ በትክክል አንብበኸዋል። ጠዋት ከመንደራ ቆጪ ልወጣ ስል ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። በቆሎ መደርደር ሰለቸኝ፣ ዛሬ ራሴን ውሰጂኝ አለች። ለምን ዛሬ አላልኳትም፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቼ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ከጅልባቧ በላይ አጥብቄ አሰርኩላትና ከኋላ ከሞተሩ አጠገብ አስቀመጥኳት።

መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ነበር። መሀል ስንደርስ ገለጠችው። የማዶውን ኮረብታ ጫፍ ከባሕር ዛፎቹ ጋር አስተያየችና በቀኝ ያዢ፣ በግራ ያዢ እያለች ትመራኝ ጀመር። ኩኖ አለች፤ ይኸውና ቤታችን። ጣሪቅ ከማንጎው ላይ ወድቆ ክንዱ የተሰበረው እዚህ ነው ብላ ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ በቤታችን ጣሪያ ላይ ሳልፍ ኖሬ እንደዚያን ቀን ቤቴ የመሰለኝ ቀን የለም።

ትንሽ እንደሄድን ሞተሩን አጥፊው አለችኝ። የመንደሩ መቃብር ላይ ደርሰን ነበር። ሰፌዱ ላይ ያንን ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ትተወዋለች፤ እኔም አልጠይቃትም ነበር። ሌላው ሰው የዘመዶቹን አጽም ሲያዛውር እኛ ያላዛወርነው የተኛን ሰው አትቀስቅሱ ብላ እማ እምቢ ስላለች እንደሆነ ያን ዕለት ነገረችኝ። አባትሽ ከእነዚያ ሁለት ኮረብታዎች መሀል ነው፣ ራሱ በዚህ በኩል ነው አለችና እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። እኔም ዘረጋሁ። ከፈለ ማንም ሳይነግረው ኮፍያውን አወለቀ። አንተ ከአባታችን ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖረሃል፤ እኔ የማውቀው አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ነው። እዚያ ውሃ ላይ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ አባት እንዳላት ሴት አለቀስኩ።

ከዚያ ራቅ ብለን ጅረቱ አፍ ላይ መልሕቅ ጣልን። እስከ ስድስት ሰዓት አራት ቆሮሶና ሁለት መካከለኛ አምባዛ ያዝን። ቀጥሎ የከፈለ ዘንግ ጎበጠ። እንዲህ ያለ አምባዛ አይቼ አላውቅም፤ አንዴ ብቻ ጀርባውን አሳየን፣ የሰው ጭን ያህላል። መልሕቁን አንስቼ ልከተለው ጀመርኩ። ዓሣው ጀልባዋን እየጎተተ ይዞን ሄደ፤ ከፈለ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፣ ሚስቱ በርታ ትለዋለች። ኮረብታዎቹን ቀና ብዬ ሳይ አንዱ በግራዬ አንዱ በቀኜ ነው። ዓሣው መቃብሩ ውስጥ ገብቷል። በዚሁ ቅጽበት እማ ከኋላዬ፦

«ኩቲ፣ ኢንታላ ኮ! ቁረጪው፣ ልጄ! እነሱ ቤት የገባውን አናወጣም» አለች።

ታውቃለህ፣ በእኛ ዘንድ ሮጦ ደጅህ የገባ ጠላትም ቢሆን ጎትተህ አታወጣውም። ቢላዬን መዝዤ ክሩን ቆረጥኩት። ከፈለ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጎተተ ስለነበር ክሩ ሲበጠስ ወደ ኋላ ተወረወረ። ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጃኬቱን ያዝኩት፤ እሱ ጀልባዋ ወለል ላይ፣ እኔ እሱ ላይ፣ ቆሮሶዎቹ ሁላችንም ላይ። ቪዲዮው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የቀረጸን ለሚ የሚባል የሌላ ጀልባ አስጎብኚ ነው፤ እማን ከጀርባችን ስለነበረች አላያትም፣ ወይም ቆርጧታል። ከፈለ ተነስቶ ዘንጉን አስቀመጠና እኛም አገር የደብር ዛፍ አይቆረጥም አለ እንጂ ስለ ዓሣው አንድ ቃል አልተናገረም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የአባታችንን ስም ያዋረድኩት እንዲህ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ያገኘሁትን ትልቁን ዓሣ፣ እንግዳዬ እያየ፣ ለአባታችን ክብር ስል በቢላ ቆርጬ ለቀቅኩት። አንተ ግን እህቴ ምን ሆና ነው ብለህ ሳትጠይቅ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ቆመህ ፈረድክብኝ። ተከፍቻለሁ። ይህንን በሌላ ቃል አላለዝብልህም። ከፈለና ብርሃንነሽ ስለ ቪዲዮው ሲሰሙ ቤታችን ድረስ መጥተው እማን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ እነሱ ምን አጠፉ?

ለሚም መጥቶ ነበር። ጀልባውን ስንት ጊዜ መቃብር ላይ አቁሞ ዓሣ እንዳስጠመደ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሌላ ወረዳ ሰው ነው፣ አያውቅም። ቪዲዮውን አጠፋሁት አለ፤ የተበተነ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ እሱ ይወቀው። እማ አውፍ ብላ ይቅር ብላዋለች። እኔ ገና ነኝ፣ ጾሙ ሲገባ አስብበታለሁ። ያም ሆኖ ባለፈው እሁድ እሱና ሌሎቹ አስጎብኚዎች አራት ቢጫ ጄሪካን በገመድና በድንጋይ አስረው፣ እማ በጣቷ እያሳየቻቸው፣ በመቃብሩ አራት ማዕዘን ላይ ተክለዋል። ከእንግዲህ በዚያ መሀል ማንም መንጠቆ አይጥልም። ይህን ሁሉ ከዚያ ውሃ ራቂ ያልካት እህትህ ባትኖር ማን ያደርገው ነበር?

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ሦስት ተማሪዎች ይዤ እወጣለሁ። በመቅዘፊያ ነው የምወጣው። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፣ ትከሻዬ ያቃጥለኛል፣ ሌሎቹ ጀልባዎች ጥለውኝ ያልፋሉ። ይሁን። በመቅዘፊያ በወጣንበት የመጀመሪያ ቀን ስድስት አምባዛ ይዘን ነው የተመለስነው፤ የሞተሩ ጩኸት ያባርራቸው ነበር መሰለኝ። ሞተሩን መልሰሽ ውሰጂ ብለህ ብትደውል አልወስድም። ይቅርታ ብለህ ብትደውል ግን አነሳለሁ።

ነጅላን ሰላም በልልኝ፣ ሳቢሪንን በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ትሳምልኝ። አጎታችን አባቦራ ሰላም ብለውሃል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያዩኝ መሬት መሬት ነው የሚያዩት፣ እባክህ መሀል አታስገባቸው። አክስታችን ከድጃ ከሸቤ ሰላም ብላሃለች፤ ቪዲዮውን አይታ ልጅቷ ጉልበት አላት ነው ያለችው። ሸኩር ስለሚይዝልህ የደረቀ ዓሣ አመስግነው፣ ሻንጣው እንዳይሸትበት ሦስት ጊዜ ነው የጠቀለልኩት።

እማ አጠገቤ ተቀምጣ የጻፍኩትን አንብቤላታለሁ። የምጨምረው የለኝም ካለች በኋላ ቆይታ፣ አንድ ነገር ብቻ ጻፊለት አለችኝ። ጣሪቅ የአባቱን መቃብር ልዘይር ብሎ የመጣ ቀን ግድቡ ዳር ቆሞ ውሃ ሲያይ አይዋል፤ እኔ ያኔ ልኑር አልኑር አላውቅም፣ መንገዱን የምታውቀው ረይሃና ናት፤ ጀልባዋ ላይ ይውጣና የምትለውን ይስማ ብላለች።

እህትህ ረይሃና
ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.