ማንም ቢመጣ ዝጋ

ጥር 24

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ክሊክ… ክሊክ… ክሊክ። የገበሬ ማህበራቱን የመጋዘን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ አንድ ኩንታል ገብስ አስገባሁ፣ ሸጥኩ፣ ደረሰኝ አወጣሁ፣ ሰረዝኩ። ከዚያ እንደገና ከላይ። ጌታሁን ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ እኔ እየነካካሁ እሞክራለሁ። ቢሮው በሙሉ እኛ ሁለታችን ነን። አንዲት ነገር ባስተካከለ ቁጥር "ዘመናይ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ሞክሪልኝ" ይላል። ኮሌጅ የገባሁት ለዚህ ነው? የሌለ ገብስ ለሌለ ሰው ልሸጥ?

ከሥራ ስመለስ ደግሰው ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከደሃና መምጣቱ ነው። ወንድሜ ቆሎ ይዞልኝ መጣ፣ ግማሹን መንገድ ላይ በልቶታል። "እኛ እናጭዳለን፣ አንቺ ተቀምጠሽ ትሸጫለሽ" ብሎ አሾፈብኝ። ሳቅን።

ግን ሻንጣው… ለሁለት ቀን እንግድነት ይህን ያህል ልብስ?

ጥር 26

አወቅኩ። ሳውዲ። በጅቡቲ አድርጎ፣ በባሕር። ደላላው ተገኝቷል፣ ይግዛው የሚባል የአበርገሌ ልጅ አብሮት አለ፣ ሁሉ ነገር አልቋል። ለእማ አልነገራትም። ፊቷን ካየሁ መሄድ አልችልም አለኝ። እኔስ? የእኔ ፊት ምንድነው?

ለመንኩት። ቀጥዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ደግሞ ሲነሳ አያድርስ ነው… ተከዜን ከዳር ሆኖ የሚያይ ልጅ ባሕር ይሻገራል? እዚሁ ሥራ እፈልግልሃለሁ አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈልጊልኝ ቆየሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

"ከሄድክ እንዳትደውልልኝ። ብትደውልም አላነሳም" አልኩት።

ሳቅ ብሎ አየኝ። "ታነሻለሽ" አለ።

ጥር 27

ስነሳ የለም። ብርድ ልብሱን አጥፎ አስቀምጦታል። እድሜውን ሙሉ አጥፎ የማያውቅ ልጅ።

ጥር 30

ስልኬ ወድቃ መስታወቷ ደቀቀ። ጠጋኙ ሌላ መስታወት ከወልድያ እስኪመጣ ታገሺ አለኝ። ቴሌግራሜን የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ጌታሁን ሲጠይቀኝ ለሥራ ይጠቅመኛል አልኩት… ውሸቴን ነው። አላነሳም ያለች ሴት ቀኑን ሙሉ ስክሪኑን ታያለች።

የካቲት 3

ሰሞኑን ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ላይ ተተክያለሁ። እቤት ብቀመጥ ስለሱ አስባለሁ፣ ስለዚህ ሥራ ላይ ማተኮር ይሻላል። እጄ የሚሠራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሠራው በተራ ጻፍኩት፣ ስክሪፕት ይሉታል፦ ፕሮግራሙን ክፈት፣ "ሽያጭ" የሚለውን በተን ጫን፣ ስም ጻፍ፣ ገብስ ምረጥ፣ አንድ ኩንታል፣ ደረሰኝ። ከዚያ ደረሰኙ ላይ የወጣው ትክክል መሆኑን አይ። ትክክል ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ።

ዛሬ አስነሳሁት። ማውሱ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ደነገጥኩ! እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እያየሁት… ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ይሸጣል። ጌታሁን ወንበሩን ስቦ መጥቶ እንደ ልጅ ሳቀ።

የገዢ ስም ቦታ ላይ የሆነ ስም ማስገባት ነበረብኝ። ደግሰው ብዬ አስገባሁ። ቆሎ በልቶብኝ ሄዷል፣ ገብስ ይግዛ።

የካቲት 6

ስክሪፕቱ ያናድዳል። ባትሪ ቀነሰ የሚል መስኮት ድንገት ብቅ ሲል ግራ ይገባውና መሐል ላይ ይወድቃል። አድስ፣ አጽዳ፣ ቫይረስ አለ… ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ያወራል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማባርር ከሆነ ምኑን ገላገለኝ?

ከሰዓት በኋላ ጥቂት መስመር ጨመርኩበት። ከእኛ ፕሮግራም ሌላ የሆነ መስኮት ካየህ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ "ዝጋ" ወይም "ተው" ወይም "እምቢ" የሚለውን በተን ፈልገህ ጫን። ማንም ቢመጣ እንዳታነጋግረው፣ ሥራህን ቀጥል። ሞከርኩት፣ አልወደቀም። ጌታሁን፣ አሁን ትተሽው መውጣት ትችያለሽ አለኝ። ደስ አለኝ። ደግሰው ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያዋ ደስታ ናት።

የካቲት 9

እማ ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጣች። ከሰው ሰምታለች። ቢሮ ገብታ ጌታሁንን "እንደምን ዋልህ" እንኳ ሳትል "ደወለ?" አለችኝ።

አልደወለም አልኳት።

እንዳትደውል ማለቴን አልነገርኳትም። ያሳደግኩት ልጅ ሳይሰናበተኝ ሄደ፣ ምን በደልኩት አለች። ማታ አብረን ተኛን፣ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በኽምጣንጋ ብቻዋን ታወራ ነበር። እሷ የልቧን የምታወራው በአፍ መፍቻዋ፣ በኽምጣንጋ ነው። ከመንገዱ ይልቅ ያለመሰናበቱ ነው ያቃጠላት።

የካቲት 12

ሚካኤል። ጠዋት ስክሪፕቱን አስነስቼ ትቼው ወጣሁ። ድሮ ቢሆን በሥራ ቀን የማይታሰብ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ቅዳሴ አስቀደስኩ፣ ሥዕሉ ሥር ተንበርክኬ ተሳልኩ። ድምፁን ብቻ አሰማኝ፣ ጃንጥላ አገባልሃለሁ አልኩት። በሰላም አድርስልኝ ለማለት ፈርቼ ነው… ብዙ የጠየቅኩ መሰለኝ። ድምፁን ብቻ።

ስመለስ ሁሉም አረንጓዴ! አንድም አልወደቀም። ወዲያው መብራት ጠፋና ወደ ቤት ሄድኩ። ቀለል ብሎኛል። ሚካኤል የሰማኝ ይመስለኛል።

የካቲት 13

ጠዋት ቴሌግራም ስከፍት ያልመዘገብኩት ስም። ይግዛው፣ አብሮት የሄደው ልጅ። "ያልተቀበሉት ጥሪ።" ሦስቴ። ትናንት፣ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ።

ያልተቀበልኩት? እኔ እኮ አልነበርኩም። ማነው ያልተቀበለው?

ከዚያ ገባኝ። ስክሪፕቱ ያነሳቸውን ፎቶዎች ከፈትኩ። ባትሪ… አድስ… ባትሪ… ከዚያ እሱ። የይግዛው ስም፣ ሥሩ ሁለት በተን፣ አረንጓዴና ቀይ። የማውሱ ቀስት ቀዩ ላይ፣ "እምቢ" የሚለው ላይ ነው። ቀጣዩም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። ጻፍኩ፦ ደግሰው ነህ? እኔ አይደለሁም የዘጋሁት፣ ደውል፣ እባክህ ደውል። አልታየም።

ድምፁን አሰማኝ አልኩ። እዚያው ተንበርክኬ ሳለሁ አሰማኝ። ሰማኝ እኮ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 14

አይነሳም።

የካቲት 17

ሥራ አልሠራሁም። ስክሪኑ ፊት ተቀምጫለሁ። ጌታሁን ስክሪፕቱን አስነሺ አላለኝም። ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ፣ ቀዘቀዘ፣ ሌላ አመጣ።

ምን ሊለኝ ነበር? ደረስኩ? ልመለስ?

የካቲት 20

ይግዛው ደወለ። አረንጓዴውን ጫንኩ።

የእሱ ድምፅ ነው፣ የደግሰው አይደለም። ይግዛውን ወባ ጥሎት ከባሕሩ ዳር ቀረ። ደግሰው በዚያው ቀን፣ በሚካኤል፣ ሲመሽ ጀልባ ላይ ወጣ። ጀልባው ሳይሻገር ተገለበጠ። ዋኝቶ የወጣ አንድ ልጅ ሲሰምጥ አይቶታል።

እንዴት እንደጠየቅኩት አላውቅም… ስለ ስልኩ ጠየቅኩት።

"አዎ እታለም፣ በኔ ስልክ ነው የደወለልሽ። ሲዘጋበት ሳቀ። ገና አልበረደላትም፣ ስሻገር እደውልላታለሁ፣ ያኔ ታነሳለች አለኝ።"

"ሊመለስ ፈልጎ ነበር?"

"እሱን አልነገረኝም። ባሕሩን ካየ ወዲህ ግን አፉ ተይዞ ነበር። ድምጿን ልስማ፣ ከዚያ እወስናለሁ ነው ያለኝ።"

እኔ አይደለሁም የዘጋሁት ልለው አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ማነው? መስመሩን የጻፈው የማን እጅ ነው? እግዜር ይማርህ፣ ቶሎ ወደ አገርህ ተመለስ አልኩትና ዘጋሁ።

ከዚያ ጮህኩ መሰለኝ። ጌታሁን ነው ቤት ያደረሰኝ።

የካቲት 23

አምደወርቅ ሄደን መርዶውን ለእማ ጎህ ሲቀድ አረዳናት። አጎቴ ቢምረውና ቄሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቤቷ ሳንደርስ ውሻው ጮኸና ራሷ በሩን ከፍታ ወጣች። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቀች። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለሌላ ምን ነገር ነው?

አስከሬን የለም። የክት ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተን አለቀስን። ሸሚዙ አንገቱ ጋ ገና የላቡ ሽታ አለው። እማ ደረቷን እየደቃች በኽምጣንጋ አንድ ነገር ትደጋግማለች። ሳይሰናበተኝ ነው የምትለው። ሳይሰናበተኝ፣ ሳይሰናበተኝ።

የደወለውን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ?

መጋቢት 11

ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። ስልኬ ተጠግና ቆየችኝ። ምን ያደርግልኛል አሁን።

ቢሮ ገባሁ። ጌታሁን እኔ በሌለሁበት ሁሉንም በእጁ ሲሞክር ከርሟል፣ ስክሪፕቱን አልነካም። አንዲት ነገር ብቻ ነክቷል፦ የገዢውን ስም። ደግሰው የነበረው "ገዢ አንድ" ሆኗል። ስሙን አይተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። ደግ ሰው ነው።

ወደነበረበት መለስኩት። ስሙ ከአንድ ቦታ መጥፋቱ ይበቃል።

መጋቢት 12

ያችን ትእዛዝ አጠፋኋት። ማንም ቢመጣ ዝጋ የምትለዋን። በቦታዋ ሌላ ጻፍኩ፦ የማታውቀው መስኮት ካየህ ቁም። ምንም አትንካ። ሰው እስኪመጣ ጠብቅ።

ሥራው ይጓተታል። ጌታሁን ሲያየው ቆይቶ "ይቁም፣ ምን ቸገረን" አለ።

መጋቢት 22

አርባው ትናንት ወጣ። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሰው ተበትኖ እኔና እማ ብቻችንን ቀረን። አልቻልኩም። ነገርኳት። ጠቤን፣ እንዳትደውል ማለቴን፣ ሚካኤል መሳሌን፣ ስክሪፕቱን። ስክሪፕቱን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ጨንቆኝ፣ በር ላይ ሰው አቁሜ ማንንም አታስገባ ብዬው ሄድኩ፣ ልጅሽ ሲመጣ መለሰው አልኳት። ከመሄዱ በፊት ሦስቴ ደወለ፣ ሦስቴም አስዘጋሁበት አልኳት። ትርገመኝ ብዬ ነው የነገርኳት። እርግማኗን ፈልጌ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ደውሏል?"

"አዎ እማ።"

"ሦስቴ?"

"ሦስቴ።"

ሻሿን አስተካከለች። ከሞተ ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አላየኋትም። "ሊሰናበተን ነዋ" አለች። ደግማ፣ ለራሷ፣ "ልጄ ሊሰናበተን ደውሏል።" የእኔን ጥፋት የሰማችው አልመሰለኝም። ሰምታለች፣ ግን እሱ አልነበረም የቸገራት። አጠገቧ ሳብ አድርጋኝ እንደ ልጅነቴ ራሴን ደባበሰችኝ። እኔ ግን አልቀለለኝም… እሷ ያገኘችውን እኔ ነኝ ያጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ለጎረቤቷ ስትነግራት ሰማሁ። ልጄ ሳይደውል አልሄደም እያለች።

ስሸኛት ደግሞ… አይ፣ የሸኘችኝ እሷ ናት። ሚኒባሱ ጋ ቆማ፣ "ሚካኤል የለመንሽውን ሰጥቶሻል። አለማንሳትሽ የሱ ጥፋት አይደለም። ስለትሽን አግቢ" አለችኝ።

ሚያዝያ 12

ሚካኤል። ጃንጥላውን አስገባሁ። ቀይ፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው። የተቀበለኝ ዲያቆን ስለትሽ ሠመረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ሠመረ አልኩት። እንባዬ መጣ፣ የደስታ መስሎት እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። አላረምኩትም።

ስወጣ ስልኬን አየሁ። ማንም አልደወለም። አሁንም አያለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል። አንዳንዴ ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስለኛል… የተሻገረ ቀን የሚደውል።

ቢሮ ስመለስ ስክሪፕቱ ቆሟል። እንደሄድኩ ነው የቆመው፣ ቅዳሴውን ሙሉ። መሐል ላይ አንዲት መስኮት። ሮጬ ሄድኩ።

ማተሚያው ወረቀት ጨርሷል ትላለች።

ጌታሁን ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ አይቻት ነበር፣ አንቺ እስክትመጪ ብዬ አልነካኋትም አለኝ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ወረቀት ጨመርኩና "እሺ" የሚለውን ጫንኩ። ማውሱ ትንሽ ቆየና ተንቀሳቀሰ። ከቆመበት ቀጠለ። ለደግሰው አንድ ኩንታል ገብስ ሸጠለት።